ከናፍጣዋ አህያ ሥር

ፋርማሲስቱ የተገኘው ከአህያዋ ሥር ተንጋሎ፣ መፍቻውን እንደጨበጠ ቀዝቅዞ ነው።

አህያዋ እንስሳ አይደለችም። ናፍጣ የምትጠጣ፣ ኋላዋ እንደ ቁም ሣጥን የሚከፈት አጭር ሰማያዊ መኪና ናት። በሥራ ቀን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ሽንኩርት ትጭናለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከከተማ ውጪ ወዳለው የእሽቅድምድም ሜዳ ወጥታ የዓለምን መኪና ሁሉ አቧራ ታስበላለች። ቱርቦዋ ሲነፋ ሦስት ሰፈር መስኮቱን ይዘጋል። ሞላዋና አሞርዛተሯ ከመጠንከራቸው የተነሣ ሳንቲም ላይ ብትሄድ በየትኛው ፊቱ እንደተኛ መቀመጫህ ያነብልሃል።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ ሲከፈት ግን ያቺ ጉደኛ መኪና ባለቤቷ ደረት ላይ ተኝታ ነበር። ለነገው ውድድር የፍሬን ሸራ ሊቀየርላት የፊት ጎማዎቿ ወልቀዋል፤ ደግፈዋት ከነበሩት የብረት መቆሚያዎች አንዱ ወደ ጎን ተጋድሟል።

መርማሪዋን ጉንዳን ይሏታል፤ አንዴ ከነከሰች አንገቷ ቢቆረጥ አትለቅማ። በዚህ ሙያ እሷን የሚያህል ከፀሐይ በታች የለም፤ ከፀሐይ በላይ ያለውን ማጣራት ይቻላል። በዕድሜዋ ሙሉ ያልናቀቻቸው ሁለት ነገሮች እንቅልፍና እውነት ናቸው። ደኅናውን መኪና ፈትተው፣ ሌላ አድርገው ገጥመው፣ እሑድን ሙሉ ሲዞሩ ውለው ወደተነሡበት ቦታ የሚመለሱ ጎልማሶችን ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ትንቃለች።

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ቀድሟት ደርሶ ጉዳዩን ጨርሶታል። መኪናዋን ዓርብ አመሻሽ ላይ አንሥቶ መቆሚያ ላይ ያስቀመጣት የጋራዡ ባለቤት መካኒኩ ነው፤ መቆሚያው ወድቋል፤ እንግዲያው መካኒኩ በቸልተኝነት ሰው ገድሏል። እዚህ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ የአዛዡ ቆብ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ጭንቅላቱን ማስከተል አላስፈለገውም።

መካኒኩ እጁ በካቴና ታስሮ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። የሟቹ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። እህቱ ከፊቱ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ ከማልቀስ የባሰ ነገር ነው ያደረገችው።

«ባሌን የገደልከው አንተ ነህ» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ልጆቼን አባት አሳጣሃቸው። ከእንግዲህ ወንድም የለኝም።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። አንገቱን ያስደፋው ካቴናው እንዳልሆነ ጉንዳን አየች። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ መቆሚያዎቹን እንዴት እንደተከላቸው ጠየቀችው።

«እንደ ሁልጊዜው ነው፣ እትዬ» አለ። «ቀለሟ እንዳይጫር ክሪኩ ራስ ላይ ጣውላ አድርጌ አነሣኋት። መቆሚያዎቹን ካቆምኩ በኋላ በትከሻዬ ገፋኋት። እኔ ገፍቼ ሳላያት ማንም ሰው መኪና ሥር አይገባም። ንቅንቅ አላለችም። ዘይቱን ራሴ እቀይራለሁ ሲለኝ ትቼው ሄድኩ።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለ አዛዡ።

«አንዳንዴ እውነት ስለሆነ ይሆናል ሁሉም የሚለው» አለችው። «እስከ ምሳ ስጠኝ።»

አዛዡ ሰዓቱን አየ። እስከ ምሳ ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ወደ ማረፊያ ቤት፣ እሱም ወደ ገበታው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሬሳውን ሲያወጡ መኪናዋን በእጃቸው አንሥተው፣ በወደቀው ፈንታ ሌላ መቆሚያ አቁመውላታል። ጉንዳን ቀሚሷን ሰብስባ ሬሳው ከተነሣበት ሲሚንቶ ላይ ጋደም አለች። አዛዡ ፊቱን አዞረ፤ ሕግ አስከባሪ በሆዱ ሲሳብ ማየት አይወድም። ከወደቀው መቆሚያ በላይ፣ በመኪናዋ ጎን ታችኛው ጠርዝ ላይ ክብ ንክሻ አገኘች፤ ዙሪያውን እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ጥርስ ያለው፣ ሰማያዊውን ቀለም እስከ ብረቱ የላጠ አዲስ ንክሻ። የጋራዡ ክሪክ ግድግዳ ሥር ቆሟል፤ ራሱ ላይ ያለው ጣውላ በዘይት ጠግቦ እንደ ሳሙና ለስልሷል። ወለሉንም በመዳፏ ዳሰሰችው። መኪና ተሸክሞ የተንሸራተተ ብረት ሲሚንቶ ያርሳል። እዚህ ግን አንዲት ጭረት የለችም።

ከዚያ የሞተሩን ክዳን ከፍታ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘች፣ ጠረገችው፣ መልሳ ከታ ደግማ መዘዘችው፣ በነጭ መሐረቧም ያዘችው። ዘይቱ የማር ወለላ ይመስላል። መሐረቡን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ማንንም ሳታናግር ወደ በሩ ሄደች።

ዘበኛው የነገራት አጭር ነበር። መካኒኩ ከሄደ በኋላ የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ እሱን እንቅልፍ ወስዶታል፤ የግመል ነጋዴ በሆዱ ላይ ቢያልፍ አይሰማም ነበር።

ሚስትየዋ ፊት ለፊት ተናገረች። መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ወይ እኔ ወይ አህያዋ» ብላው ተመልሳለች። እሱም ስቆ ከእሑድ በኋላ እንነጋገራለን ብሏታል። ይህን ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ጉንዳን ሌላ አልጠየቀቻትም።

ሁለተኛው ላፕቶፕ የሚሉት ነው፤ የመኪኖችን ኮምፒውተር እየከፈተ ጉልበት እጨምራለሁ የሚል ከሲታ ጎልማሳ። በአነጋገሩ ከሆነ የልብስ ስፌት መኪና ቢሰጡት ያበርራታል። አምና የጫነው ፕሮግራም የአህያዋን ቱርቦ አቃጥሎ ነበር፤ ሟቹም ወሬውን ከተማ ሙሉ አድርሶለታል። ተጣልታችሁ ነበር ወይ ስትለው አልካደም። ከታረቁ በኋላ ዓርብ አዲስ ፕሮግራም ጭኖ፣ ሟቹ አሮጌውን ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር በሞተር ብስክሌቱ ወጥቷል።

«ጠላትስ ነበረው?» አለችው።

«ጠላት አይባልም እንጂ» አለ ላፕቶፕ፣ እየቀለደ ይሁን እየፈራ ሳይለይ። «ባለፈው እሑድ መጨረሻው ጥምዝ ላይ የዶክተሩን ቀይ መኪና ቀደማት። በናፍጣ። እኛም ዝም አላልንም፤ ፈረሱ በአህያ ተበላ እያልን ሳምንቱን ሙሉ ስንስቅ ከረምን። ነገ ዶክተሩ ብድሩን ሊመልስ ነበር።»

ሦስተኛው ይኸው ዶክተር ነው፤ የጥርስ ሐኪም። ጠዋት ወሬውን ሰምቶ የመጣው በዚያችው ቀይ መኪና ነበር፤ ከመሬት ከመጠጋቷ የተነሣ ጉንዳን ራሷ ከሥሯ መሹለክ ይከብዳታል። የሐዘን ፊት አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ፣ ሟቹን ወንድሜ እያለ ይጠራዋል። ሐዘኑ በልኩ የተሰፋ ኮት ይመስላል፤ አንዲት ቦታ አልተጨማደደም።

ትናንት የመጣሁት ለእሑዱ ውድድር መልካም ዕድል ልመኝለት ነበር አላት። ሲደርስ ሟቹ አዲሱን ዘይት ቀድቶ ጨርሶ ነበር።

«ከዚያስ?»

«ሞተሩን አስነሣው። ሻይ የሚጠጣ ያህል ሠራ። መቼም የናፍጣ ነገር ታውቂዋለሽ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ነው የሚንቀጠቀጠው። አጥፍቶ፣ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ ልይ ብሎ ከሥር ሲገባ ተሰናብቼው ወጣሁ። ያ ሁሉ ንቅናቄ መቆሚያውን አላልቶት ኖሯል። የመካኒኩ ነገር ያሳዝናል፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ዝርክርክ ነው።»

«ልክ ነህ፣ ዝርክርክ ሰው አይወደድም» አለችው። «የአንተ ዕቃ በሥርዓት የተያዘ ይመስላል።»

የጥርስ ሐኪሙ ደስ አለው። «የቀይዋን ዕቃ ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። ክሪኳ እንኳ የራሷ ነው፤ የጋራዡ ክሪክ ሥሯ አይገባም። የተቆለፈበት ቁልፍ ከኪሴ አይወጣም።»

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ጉንዳን ሁሉንም አህያዋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። አዛዡ ሆዱን እያሸ፣ መካኒኩ በካቴናው፣ እህቱ ጀርባዋን ለወንድሟ ሰጥታ፣ ላፕቶፕ ጥፍሩን እየበላ፣ የጥርስ ሐኪሙም ሐዘኑን እንደለበሰ ቆሙ።

መሐረቡን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችው። «ይህ ዛሬ ጠዋት ከሞተሩ የወሰድኩት ነው። ሁላችሁም እዩት።»

«አዲስ ዘይት ነው፤ ታዲያ ምን ይሁን?» አለ አዛዡ።

«ላፕቶፕ፣ አስነሣት» አለች።

አህያዋ አንዴ አስሏት ተነሣች። ጋራዡ በድምፅዋ ተሞላ፤ መደርደሪያ ላይ ያሉ ቡሎኖች ዘፈኑ። መቆሚያዎቹ ግን እንደ ተራራ ጸኑ። ጉንዳን ለሁሉም ሻይ አስመጥታ የራሷን ሳትቸኩል ጠጣች። ብርጭቆዋን ስታስቀምጥ ሞተሩን አስጠፋች፣ ዘንጉን መዝዛ ከማሩ ጠብታ አጠገብ መሐረቡ ላይ ጠረገችው።

ጥላሸት ነበር። ከፈለጉ ደብዳቤ ይጻፍበታል።

«ናፍጣ እንዲህ ነው» አለች። «የሆዱን ጥቀርሻ የቱንም ያህል ብታፈስለት አዲሱን ዘይት በአንድ ሻይ ዕድሜ ያጠቁረዋል። የቤንዚን መኪና ዘይት ግን ስንት ሳምንት ማር መስሎ ይቆያል። ስለዚህ ዓርብ አዲሱ ዘይት ከተቀዳ በኋላ ይህ ሞተር አልተነሣም። ተነሣ ያለን ሰው ከቤንዚን በቀር የማያውቅ ነው፤ መቆሚያውን የሚያነቃንቅለት ወፍጮ ስለፈለገ አስነሣልን።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞሩ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ቀን ያየሁትን ነው አለ።

«ይሁን፣ ተሳስተሃል እንበል» አለች። «መቆሚያው ወለሉን ሳይጭር ወደቀ። ጭነት ላይ እያለ ቢንሸራተት ሲሚንቶውን ያርሰው ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው መኪናዋን ትንሽ ቀና አድርጎ፣ ባዶውን መቆሚያ አውጥቶ አጋደመውና ክሪኩን ለቀቀው። ቀና ያደረገበት ክሪክ ጣውላ የለውም፤ ጠርዟን ነክሷታል። ላፕቶፕ በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ሰው ነው፣ ክሪክ አይዝም። እመቤቲቱ ከበሩ አላለፈችም። መካኒኩ ያለ ጣውላ አያነሣም። የቀይዋን የኋላ ኮፈን ክፈትልን፣ ዶክተር።»

አልከፈተም። አንድ ፖሊስ ቁልፉን ከኪሱ ወስዶ ከፈተው። ዝቅ ያለው ክሪክ በቬልቬት ተጠቅልሎ እንደ ሙሽራ ተኝቷል፤ ክቡ ብረት ራሱ ጥርስ በጥርስ ነው። ከጥርሶቹ መሐል ሰማያዊ ቀለም ተሰንቅሯል። ጉንዳን ክሪኩን አንሥታ ከንክሻው ጋር አጋጠመችው። ቁልፍ ከቀዳዳው እንዲህ አይገጥምም።

«ከሥር እያለ መቆሚያው ዘመም ብሏል፣ ላቃናልህ አልከው» አለች በቀስታ። «ክሪክ በሰው እጅ ካለ ማንም ከሥር እንደማይቆይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሱ ግን አልወጣም። አመነህ።»

የጥርስ ሐኪሙ የሐዘን ኮቱን መጠበቅ ተወ፤ ከሥሩ የወጣው ፊት ትንሽና ክፉ ነበር።

«የሕፃን ወንበር አለ ከኋላዋ» አለ ማንንም ሳያይ። «እሑድ ሲያልፈኝ በመስኮቷ አየሁት። ለውድድር እንኳ አላወለቀውም። ስንት ዓመት ደክሜ፣ ልጅ ማድረሻ ቀደመኝ። ከዚያ ሁሉም ይስቃሉ። ነገ ደግሞ ሊደግመኝ ነበር።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለች ጉንዳን። «እኔ ገዳይ ብዙ አይቻለሁ። በርሃብ የገደለ አለ፣ በቅናት የገደለ አለ፣ ለርስት የገደለ አለ። በጥምዝ መንገድ ላይ ስለተቀደመ የገደለ ግን አንተን አየሁ። ከአንተ ጋር አንድ አየር መሳብ ያሳፍራል። ውሰዱልኝ።»

ካቴናው ከመካኒኩ እጅ ወልቆ ለጥርስ ሐኪሙ ተላለፈ። አዛዡ ቆቡን አውልቆ አየው፣ መልሶ ደፋው፣ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ጠርጥሬው ነበር ብሎ አጉረመረመ።

መካኒኩ እጁን እያሸ ከተቀመጠበት አልተነሣም። እህቱ ዞረች። ከጠዋቱ ቃል የሚበልጥ ቃል ፈለገች፣ አጣች።

«ልጆቹ እማዬ ጋ ናቸው» አለች በመጨረሻ። «እስካሁን አልነገርኳቸውም። አልችልም።»

ወንድሟ ቀና አለ።

«አንተ ንገራቸው።»

ተነሣ፤ በዘይት የጠቆረ እጁን በቱታው ደጋግሞ ጠረገና ያዛት።