ባለ ዕንቁ ጫፍ ቀሰም

በአሥራ ስምንት መቶ አርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ገብቶ ነፋሱ ከወንዙ በኩል ደረቅ አቧራ ማምጣት በጀመረበት ሰሞን፣ ከክትባት ቤቱ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሴቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው የፈንጣጣ መከላከያ ያሽጉ ነበር። ሥራው ለሚያየው ቀላል ይመስላል፤ ቀድሞ ከላም በተወሰደ ፈንጣጣ ከተከተበ ጤነኛ ልጅ ክንድ ላይ የተቀዳው ጥርት ያለ ጠብታ ከስንዴ አገዳ በቀጠነ የብርጭቆ ቀሰም ውስጥ ይገባል፤ የቀሰሙም ሁለት ጫፎች በአልኮል ኩራዝ ነበልባል ቀልጠው ይደፈናሉ። አየር ካልገባበት ጠብታው ኃይሉን ሳያጣ ወደ ሩቅ ሰፈር ይደርሳል ተብሎ ይታመን ነበር።

ከሁለቱ ወጣቷ የሟች ብርጭቆ ነፊ ሚስት ነበረች፤ ሰው ሁሉ ዕንቋ ይላታል። ይህ ስም የወጣላት በመልኳ ሳይሆን በእጇ ሥራ ነው፤ የቀሰሙን ጫፍ ከነበልባሉ ውስጥ ይዛ በሁለት ጣቷ ቀስ እያለች ስታሽከረክረው ብርጭቆው ይለሰልስና ይድበለበላል፤ ስታወጣውም በጫፉ ላይ አንዲት ንጹሕ ዕንቁ ተቀምጣ ትገኛለች። ከፊቷ የምትቀመጠው አማቷ በበኩሏ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗም በኩራዙ ብርሃን ያለቅሳል፤ ስለዚህ ጫፉን ወደ እሳቱ ሰደድ አድርጋ ወዲያው ትስበዋለች። የእርሷ ቀሰሞች ጫፋቸው እንደ ተቆነጠጠ ሊጥ የተጣመመ ነበር። አሮጊቷም እሳቱን ሰርቄ እሸሻለሁ እያለች በራሷ ትቀልድ ነበር።

የክትባት ቤቱ መጋቢ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነበርና፣ ባለ ዕንቁ ጫፎቹን በጥጥ ጠቅልሎ ኮረብታው ላይ ላሉት ታላላቅ ቤቶች፣ ጠማሞቹን ደግሞ ወንዝ ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ይልክ ነበር። ከጠማሞቹም የባሱትን ለማንም አይሆኑም ብሎ ከጥግ ባለች ቅርጫት ውስጥ ይጥላቸዋል። ዕንቋም ብትሆን እናት ናት፤ አንዲት ልጇ ሚጣ የምትከተብበት ቀን ሲደርስ፣ ከሠራቻቸው ሁሉ ጉድፍ የሌለበትን፣ በብርሃን ፊት ሲይዙት የሚያበራውን ቀሰም መርጣ በገዛ እጇ ለከታቢው ሰጠችው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከተማውን የሚያስገርም ነገር ታየ። ወንዝ ዳር ያሉት ልጆች ክንዳቸው ላይ ክትባቱ መያዙን የሚያሳየው ምልክት ሲወጣ፣ የኮረብታው ቤቶች ልጆችና ወይዛዝርት ክንድ ግን እንደ ሐር ለስልሶ ቀረ። የከተማው ጋዜጣ ለዚህ ረዘም ያለ ሐተታ ጻፈ፤ ረቂቅ ደም የከብት በሽታ ዘር አይቀበልም፣ ወፍራም ደም ግን ይቀበላል አለ። ይህም ለብዙዎች እጅግ ደስ የሚል ሳይንስ ሆነ፤ የዳኛው ወጣት ሚስት እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ለእንግዶች ታሳይ ነበር ይባላል። የሚጣም ክንድ አልያዘም። እናቷ ሌላ ዕንቁ ጫፍ መርጣ ብታስደግማትም እንደ መጀመሪያው ባዶ ቀረ። ግድግዳ የሚጋሯት ዳቦ ጋጋሪ፣ የባላባት ልጅ ከጎናችን ተወልዳ እኛ ሳናውቅ እንዲያው ሚጣ ስንላት ኖርን፣ ከእንግዲህስ ቆመን እናሳልፋታለን ብላ አሳቀችባት።

ሳቁ ግን አልቆየም። ፈንጣጣው በወሩ መጨረሻ ከተማ ገባ፤ መጀመሪያም የገባው ወደ ዳኛው ቤት ነበር። የዳኛው ሚስት በተኛች ሰሞን ጋዜጣው ስለ ደም ያለውን ሁሉ ረሳና ክትባቱ ማታለያ ነው ሲል ጻፈ፤ አገረ ገዥውም በመጪው ሰኞ ጉባኤ ተቀምጦ የክትባት ቤቱን መዝጋት እንደሚወስን አስታወቀ። ከዚያም ገና ያልተከተበውን የዳቦ ጋጋሪዋን ልጅ ትኩሳት ያዘው። ዕንቋ ከግድግዳው ማዶ ሲያቃስት ትሰማ ነበር፤ ከግድግዳው ወዲህ ደግሞ ሚጣ ባዶ ክንዷን ትራስ አድርጋ ትተኛለች።

ጉባኤው ሊቀመጥ ሁለት ቀን ሲቀረው የክትባት ቤቱ ዋና ሐኪም በጠዋት ወደ ጓሮዋ ክፍል መጣ። ከመናገር ይልቅ መጠየቅ የሚወድ፣ ሲያስብ ጺሙን ወደ ላይ የሚያሻሽ ሰው ነበር።

«እሜቴ፣ ለወቀሳ አልመጣሁም» አላት ዕንቋን። «የምትሠሩትን ለማየት ነው የመጣሁት። አንድ ዓይነት ጠብታ፣ በአንድ ጠዋት የተቀዳ፣ ወንዝ ዳር ይሠራል፤ ኮረብታ ላይ አይሠራም። ደም የሚለው ነገር አልተዋጠልኝም።»

ዕንቋ፣ ጌታዬ ይፍቀዱልኝና እኔም ግራ የገባኝ እርሱ ነው ብላ መለሰች፤ የሚያፈስ ቢኖር የእማማ ጠማማ ነው፤ አየር የሚገባውም በእርሱ ነው፤ የእኔ እኮ እንኳን አየር ሐሜትም አይገባበትም አለች።

«ሐሜቱስ በኔ ነው የሚገባው» አለች አሮጊቷ ዓይኗን እየጠረገች። «ያም ሆኖ የወንዝ ዳር ልጅ ሁሉ በኔ ጠማማ ድኗል። ቆንጆዋ ስትመረጥ አስቀያሚዋ ትወልዳለች ይሉ ነበር በኛ ጊዜ።»

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ሁለቱም በፊቱ እንዲያሽጉ ለመነ። አሮጊቷ እሳቱን ሰርቃ ሸሸች። ዕንቋም እንደ ልማዷ ጫፉን ይዛ ማሽከርከር ጀመረች፤ አልቸኮለችም፤ የጫፉ ዕንቁ ስትድበለበል ጊዜ ትወስዳለች። ጨርሳ ከእሳቱ ባወጣችው ጊዜ ሐኪሙ በጉጉት እጁን ዘርግቶ የቀሰሙን ወገብ ያዘና ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

ዕንቋ ሳቀች። «ይቆዩ እንጂ ጌታዬ፤ የእኛ ጣት እኮ ጠንክሮ ነው። ከእሳት የወጣ ብርጭቆ ስንይዝ ስለኖርን አይሰማንም» አለችው።

ሐኪሙ የተቃጠለ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ከዚያም ጣቱን አወጣና ጫፉ ብቻ የሚግል መስሎት እንደ ነበር ነገራት፤ እርሷም ወገቡን ይዛ እያሽከረከረች ምንም ሳይሰማት መኖሯን ደግሞ ጠየቃት። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ቀሰም ተመለከቱ።

«ጠብታው ውሃ ይመስላል፤ ቢሞትም አይናገርም» አለ ሐኪሙ። «የሚናገር ነገር እንፈልግለት። እንቁላል አላችሁ?»

እንቁላሉ ከማድ ቤት መጣ። ነጩን ውሃ በሁለት ባዶ ቀሰሞች ሳቡት፤ አንዱን አሮጊቷ፣ አንዱን ዕንቋ እንደ ዘወትሩ አሸጉት። የአሮጊቷ ከጫፎቹ በቀር እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ቀረ። የዕንቋ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሞራ እንደ ለበሰ ዓይን ነጣ። እንቁላሉ በውስጡ በስሎ ነበር።

ሐኪሙ የመፍትሔው ደስታ ፊቱን ሊያበራው ሲል የዕንቋን ፊት አየና ተወው። እርሷ የነጣውን ቀሰም በመስኮቱ ብርሃን ፊት ይዛ ታየው ነበር፤ ጫፉ ላይ ያለችው ዕንቁ ፍጹም ክብ ነበረች።

«ለልጄ ከሁሉ የሚያምረውን ነበር የመረጥኩላት» አለች በቀስታ። «ሁለቱንም ጊዜ።»

አሮጊቷ ተነሥታ ከጥግ ያለችውን ቅርጫት አመጣች፤ መጋቢው ከጣላቸው መካከል በዚያው ሳምንት የታሸጉትን ጠማሞች መረጠችና ሐኪሙ ፊት አስቀመጠች። ጠዋቱ ሳይረፍድ ሦስቱም ወደ ቤት ሮጡ፤ ሚጣ ከአልጋ ተነሥታ ፊቷን ሳትታጠብ ተከተበች። ልጅቷ ቀሰሙን አይታ ይሄኛውማ ጠማማ ነው ብላ አጉረመረመች፤ አያቷም እንደኔ ነው፣ ታዲያ እኔ ምን ጎደለብኝ ብላ ዝም አሰኘቻት።

ሰኞ ሐኪሙ አገረ ገዥው ፊት የቀረበው ንግግር አዘጋጅቶ ሳይሆን ኩራዝ፣ እንቁላልና ሁለት ቀሰም ይዞ ነበር። ከመሄዱ በፊት ዕንቋ አብሬ ልምጣና የማን እጅ እንደ ነበር ልናገር ብላው ነበር። «ጥፋቱን ለእሳቱ እሰጠዋለሁ» አላት። «እሳት ስም የለውም፤ ልጅም የለውም።» ጉባኤው ተመለከተ፤ የክትባት ቤቱ አልተዘጋም፤ ጠማማ ጫፎችም በዚያው ቀን ወደ ኮረብታው ወጡ። ለዳኛው ሚስት ግን አልደረሱም፤ ያን ሐር ክንድ ይዛ ከጉባኤው በፊት በነበረው ምሽት አርፋ ነበር። ዕንቋ ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች የሚያውቅ የለም፤ ያን ቀን ግን ኩራዟን እንዳልለኮሰች ይታወቃል።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው የሚጣን ክንድ የምትመለከተው አያቷ ነበረች፤ እናቷ ማየት አልቻለችም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት አሮጊቷ ጠራቻት። በልጅቷ ክንድ ላይ ምስር የምታህል ቀይ ነጥብ ወጥታ ነበር፤ ቀናት ሲያልፉም ነጥቧ ውሃ ቋጥራ ተድበለበለች፤ ዙሪያዋ ቀላ፤ መካከሏ አበራ። ዕንቋ ተንበርክካ ለረጅም ጊዜ አየቻት። በዕድሜዋ ብዙ ዕንቁ ሠርታለች፤ ይህችኛዋን ግን አልሠራችም። የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ፊቱ ተበሳስቶ ተነሣ፤ ሚጣ አልታመመችም።

ዕንቋ አስቀያሚ ጫፍ መሥራት መማር ነበረባት፤ ይህም ከሚታሰበው በላይ አስቸገራት፤ እጇ ሳታዘው ያሽከረክራልና። አሮጊቷ ዕድሜ ልኬን ይህን ጥበብ የሚማርልኝ ተማሪ አጥቼ ነበር እያለች አጠገቧ ተቀምጣ አስተማረቻት።

ጋዜጣው የሐኪሙን ግኝት በትልቅ ፊደል አወጣ፤ በኋላም ስሙ ለአንድ መንገድ ተሰጠ። የሁለቱን ሴቶች ስም የጻፈ አልነበረም። የክትባት ቤቱ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው፤ በአንዱ ክፍል፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ በነጭ ሐር ላይ የተኙ ባለ ዕንቁ ጫፍ ቀሰሞች ይታያሉ፤ የዘመኑን የእጅ ጥበብ ምጥቀት እንደሚያሳዩም ከሥራቸው ተጽፏል። ጎብኚዎች ጎንበስ ብለው ያደንቃሉ። ከጠማሞቹ ግን አንድም የለም፤ ጠብታውን ለማውጣት ቀሰሙ መሰበር አለበትና ሁሉም ተሰብረው ያለ አንዳች ቅሪት ሥራ ላይ ውለዋል፤ ምስክራቸው የነበሩት ክንዶችም ካረጁ በኋላ ከባለቤቶቻቸው ጋር ተቀብረዋል። ታሪክ ያቆየልን ያልተሰበሩትን ነው፤ ያልተሰበሩትም ለማንም ያልጠቀሙት ናቸው።