ያልበራችው ማሽን

«ሰርቨሩ ነው የበላው፣ ቲቸር! ሥራዬን በሙሉ ነው ያጠፋብኝ!»

የኮምፒውተር ክለቡ አባላት በሙሉ ወደ ሩት ዞሩ። ሩት እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ሁሉን ማዘዝ የሚችለው አካውንት «ሩት» ይባላል፤ የሁሉም ሥራ የሚቀመጥበትን የትምህርት ቤቱን ሰርቨር የምታስተዳድረው እሷ ስለሆነች ተማሪው ይህንኑ ስም ለጠፈባት። አሁን የምትጮኸው ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጎን ለጎን አብራት የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሚጢጢ ነበረች።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዛሬ የሚጢጢ ጠፋ፤ ነገ የሁላችሁም ይጠፋል። ከምሳ በኋላ ሰርቨሩን እንዘጋዋለን።»

ሰርቨር የሆነውን ያንን አሮጌ ኮምፒውተር ከመጋዘን ጎትታ ያወጣችው፣ አቧራውን አራግፋ ሊኑክስ የጫነችበት ሩት ናት። የክረምቱን እረፍት ሙሉ ታግላ በአንዱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ስምንት ኮምፒውተሮች አሰናድታለች፤ ለእያንዳንዱ የክለቡ አባል አንድ። ቨርቹዋል ማሽን ይሏቸዋል። በእጅ አይነኩም እንጂ እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ይበራሉ፣ ይጠፋሉ።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ብቻዋን ቀረች። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ጥፍሯን ትበላለች። ዲስኩ ሞልቶ ይሆን? ወይስ ሳላውቀው የሆነ ነገር አጥፍቼ? ፈተሸች። ዲስኩ ገና ግማሽ አልሞላም፤ ስምንቱም ማሽኖች በቦታቸው አሉ። በመጨረሻ የሚጢጢን ማሽን አስነሳችው።

«እንኳን ደህና መጡ። የይለፍ ቃል ይምረጡ።»

ሩት ፈዛ ቀረች። ይህ ጥያቄ የሚመጣው ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ብቻ ነው። የጠፋ ሥራ የለም፤ የተጀመረም የለም።

«ለቲቸር ልትነግሪብኝ ነው?»

ሚጢጢ በሩ ላይ ቆማ ስክሪኑን ታያለች።

«አንድ ቀን እንኳ አላበራሽውም!» አለች ሩት።

«ምን ላድርግ? እናንተ ዝም ብላችሁ ኪቦርዱን ታንኳኳላችሁ። እኔ ያ ጥቁር ስክሪን ሲመጣ እጄ ይደርቃል። አንቺን ስጠይቅሽ ደግሞ ‹ይሄማ ቀላል ነው› ብለሽ ራስሽ ትሠሪውና ትሄጃለሽ።»

እውነት ነው፣ ሩት ብላታለች። ንዴቷ ግን አልበረደም። «እና ሰርቨሬን ታስዘጊብኛለሽ?»

«ይዘጋል ብዬ መች አሰብኩ? ሥራውን ለማስረከቢያ ቀን ይጨምሩልኛል ብዬ እንጂ።»

ከኮሪደሩ የመምህሩ ኮቴ ተሰማ። ሩት ስክሪኑን አየች። አንድ ቃል መተንፈስ አይጠበቅባትም፤ እንዳለ ብትተወው መምህሩ ራሳቸው ያዩታል። ስክሪኑን ማጥፋትም ትችላለች።

ከወንበሯ ተነሳችና ወደ ሚጢጢ ገፋችው። «ተቀመጪ። የይለፍ ቃል ምረጪ።»

«አሁን?»

«አሁን። እኔ ኪቦርዱን አልነካም።»

ሚጢጢ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጣቷ አንዱን ፊደል እንደነካ መምህሩ ገቡ።

«እህ፣ ሩት፣ ምክንያቱ ተገኘ?»

ሩት ወደ ሚጢጢ ዞረች።

«ቲቸር…» አለች ሚጢጢ፣ ድምጿ ቅጥን ብሎ። «ሰርቨሩ ምንም አልበላብኝም።»

ሩት ሌላ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።