የሐረገ ወይን መፍተያ

ጓዴ የሚባለው ሰው አልተጣደፈም። በንፋስ መውጫ ገበያ፣ በበግ ጠጉር ተራ መሐል ቆሞ እጁን ዘረጋ።

ሙላው ከጋቢው ስር አውጥቶ አስጨበጠው። ከቀንድ የተፈለፈለች፣ አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት።

አሁን ፖሊሶቹ መምጣት ነበረባቸው።

አልመጡም።

ሙላው በዚህ የሐሰት ስም፣ የጠጉር ነጋዴ መስሎ ጋይንት የገባው በመስከረም ነው። እውነቱ ግን የጃንሆይ መንግሥት የጸጥታ ሰው ነበር። አንድ የአዲስ አበባ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሰው ፈጠራ ያሰርቃል የሚል አቤቱታ ሲበዛ፣ «አባት» በሚል የምስጢር ስም የሚጠራው አለቃው ከጓዴና ከሌሎቹ የፋብሪካው ሰላዮች ጋር ቀላቀለው። ማንነቱን ከአባት በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሐረገ ወይን ባሏ ከሞተ ወዲህ ከስማዳ መጥታ፣ ንፋስ መውጫ ላይ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ እያሠራች የምትኖር ሴት ናት። በእግር የሚረገጥ የጠጉር መፍተያ በራሷ ሐሳብ ሠራች። ጠጉሩን አስተካክላ የምታሳልፈው ያቺ ቁራጭ ቀንድ ናት፤ ያለ እሷ ክሩ ይበጠሳል። ፋብሪካው መፍተያውን ጠቅልሎ ሊገዛ ሲጠይቅ፣ «መሬቴን ለእርሻ ብሰጥ ሲሶዬን አገኛለሁ እንጂ መሬቴን አላጣም። ይኼም እንደዚያው ነው። ሥሩበት፤ ባለቤቱ ግን እኔ ነኝ» ብላ መለሰች።

ፋብሪካው ከመዋዋል ማሰረቅን መረጠ።

የአባት ዕቅድ ሙላው ጠጉር እየሸጠላት ቤቷን ለምዶ እንዲሰርቅና ጓዴ ሲቀበል የአባት ፖሊሶች ከነእቃው እንዲይዙት ነበር።

ጓዴ ቀንዷን ኪሱ ከተተና ጠጋ አለው።

«አባት ሰላም ብሎሃል።»

ሙላው ደረቀ።

«ሸጠኝ?»

«ከእኛ ጋር ተስማምቷል። አንተም ተስማማ። እምቢ ካልክ ሴትዮዋን የሰረቃት ጠጉር ነጋዴው ሙላው ነው። ሌላ ሰው መሆንህን የሚመሰክርልህ የለም።»

ሙላው ዙሪያውን ቃኘ። የፋብሪካው ሰዎች በግራም በቀኝም ቆመዋል። አዲስ አበባ ቢደርስ የሚጠብቀው አባት ነው። ዝም ቢል የሐረገ ወይን ድካም መና ይቀራል።

መውጫ የለም።

የጓዴን ክንድ በሁለት እጁ ጨመቀ።

«ሌቦች ነን» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ያዙን።»

ገበያተኛው ከበባቸው። የፋብሪካው ሰዎች ዱላ ትከሻው ላይ፣ ከዚያም ጆሮው ላይ አረፈ። የጓዴን ክንድ ግን አልለቀቀም። ዘበኛ ደርሶ ጓዴን ሲፈትሽ ቀንዷ ከኪሱ ወጣች።

በአውራጃው ፍርድ ቤት ሐረገ ወይን መፍተያዋን አስመጥታ ዳኛው ፊት ፈተለች። ያለ ቀንዷ ክሩ ተበጣጠሰ፤ ቀንዷ ስትገባ ረዘመ። ሙላውም ፋብሪካው እንዴት እንዳሰማራው አንድ በአንድ ተናገረ። ስለ አባት ግን አልተነፈሰም። የመንግሥት ሰው ነኝ ቢል አባት ይክደዋል፤ ያኔ ቃሉ ሁሉ የቀጣፊ ቃል ይሆናል።

ዳኛው ራሱን ለምን እንዳጋለጠ ጠየቁት።

«ሰርቄያለሁ፣ ጌታዬ።»

ፋብሪካው ወሬው እንዳይዛመት ፈርቶ ወኪሉን ላከና ከሐረገ ወይን ጋር ተዋዋለ። ድርሻዋ ሲሶ አልሞላም። መፍተያው ግን የእሷ እንደሆነ ቀረ።

ሙላው በሐሰት ስሙ ታሰረ። አንድ ቅዳሜ እስረኞች ውሃ ቀድተው ሲመለሱ በሐረገ ወይን ደጅ አለፉ። ወጥታ አየችው።

«ቤቴ በልቶ ነው የሰረቀኝ» አለችው ጠባቂውን።

ሙላው የውሃ ቆርቆሮውን ወደ ደህናው ትከሻው አዙሮ አለፈ።

በተፈታ ዕለት ወደ እስቴ ከሚሄዱ ገበያተኞች ጋር ተቀላቀለ። አንዱ ከየት እንደመጣ ጠየቀው። ከወዲያ ማዶ ነው አለ፤ ሰውየውም ደግሞ አልጠየቀውም።