ባዩ ያስረዳ

ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፸ ዓ.ም.፤ ከጉና የወረደው ውርጭ የደብረ ታቦርን ሣር አመድ ባስመሰለበት ጧት፥ የቀበሌው አዳራሽ ገና በማለዳ ሞላ። ሃያ ዓመት አጥቢያ ዳኛ የነበሩት ባላምባራስ ወልደጊዮርጊስ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ማዕረጋቸው ከተሻረ ሦስት ዓመት ቢሆነውም ሰዉ አሁንም ባላምባራስ ይላቸው ነበር። ልጃቸው ፈንታነሽ፥ መምህርቷ፥ «የአብዮት ጠላት» ተብላ ከታሰረች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ካድሬው ጓድ ካሳሁን ትናንት ደጃፋቸው ድረስ መጥቶ፥ «ነገ በሕዝብ ፊት ‹ለእግዚአብሔር መኖር ማስረጃ የለኝም› ይበሉ፤ በማግሥቱ ልጅዎ ቤቷ ትገባለች» ብሏቸዋል።

ነገሩን እንደ ዳኛ መረመሩት፤ «አምላክዎን ይካዱ» አልተባሉም። የተጠየቁት ማስረጃ ነው፤ እሱ ደግሞ በእውነት የላቸውም።

ካድሬው ጠረጴዛውን መታ። «አለ የሚል ያስረዳል! የለም ባይ ምን ያስረዳ? ቤቴ ጅብ የለም ብል፥ የሌለውን ጅብ አምጣ ልባል ነው?»

ሰዉ ሳቀ።

«እሱስ ልክ ነው» አሉ ባላምባራስ ተነሥተው። «እኔም በችሎት የኖርሁት በዚሁ ነው፤ ባዩ ያስረዳ። ለአምላኬ ማስረጃ የለኝም። ማመን ብቻ ነው ያለኝ።»

የንስሐ አባታቸው ቄስ ሙላቴ ከኋላ «ኧረ ባላምባራስ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ካሳሁን ፈገግ አለ፤ ጸሐፊውም ጻፈ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ፈንታነሽ ቤቷ በገባች ነበር። ባላምባራስ ግን ሊቀመጡ ጎንበስ እንዳሉ የሃያ ዓመት የችሎት ልማድ ወገባቸውን ቀና አደረገው፤ ነገር ሲዛባ አይተው ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«ልጄ ካሳሁን፥ ሕጉ ለሁለታችንም ይሁን እንጂ! ፈንታነሽ ጠላት ናት ያልህ አንተ፤ አይደለችም ባይ እኔ። በል ምስክር ቁጠር።»

«አብዮቱ ምስክር አይቆጥርም!»

«እንግዲያማ አንተም እንደኔው አማኝ ነሃ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ከበሩ አጠገብ አንዱ «ረቱት!» ብሎ ጮኸ። ካሳሁን አልሳቀም። «ተቀመጥ አንተ ሽማግሌ» አለ፤ እስከዚያች ሰዓት አንቱ ነበር የሚላቸው።

በማግሥቱ ለልጃቸው ጋቢ ይዘው እስር ቤቱ በር ሲደርሱ ዘበኛው ዓይናቸውን ሳያይ «የለችም» አላቸው። የት እንደ ሄደች የነገራቸው የለም፤ አስከሬኗም አልተገኘ።

የቀበሌው ቃለ ጉባኤ የያዘው አንድ መስመር ነው፤ «አማኙ ማስረጃ እንደሌለው በሕዝብ ፊት አረጋገጠ።» አገሬው የያዘው ደግሞ መልሱን ነው፤ ባላምባራስ ካድሬውን እንዴት እንደ ረቱት እስከ ይፋግና እብናት ድረስ በየሠርጉ ተወራ፤ የመምህርቷን ስም የሚያነሣ ግን አልነበረም። ወሬው እርሳቸው ባሉበት ሲነሣ ባላምባራስ ከዘራቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፥ ያውም ለቄስ ሙላቴ፥ ስለዚያ ጧት ተናገሩ፤

«አባቴ፥ ማስረጃ የለኝም ማለቴስ አይከብደኝም። መርታቴን ይፍቱኝ።»