ቢራው የለበሰው ብርድ ልብስ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን ያልፈለገ ይተወው፤ ለምኜ አላሳምንም።

ቦታው ቦንጋ ነው። ወሩ ሐምሌ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

ከቀኑ ነው ያልኩት። ክፉ ነገር የሚመጣው በእኩለ ሌሊት ብቻ ነው ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል።

ግዛቸው የግቢ ጎረቤቴ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ። ሰው አይበድልም፤ ግን አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው ለእሱ ዓይነቱ ነው።

ሚስቱ ፀዳለ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልዳለች። ዮሀና ብለዋታል። የክርስትናዋ ቀን እየቀረበ ነበር።

ታዲያ ግዛቸው ለድግሱ ቢራ ልጥመቅ አለ።

ጠላ አይደለም... ቢራ። በጠርሙስ። የስልክ ቪዲዮ አይቶ!

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ብዬ ስቄበት ነበር። አሁን አልስቅም።

ለነገሩ ጠመቃው አላቃተውም። ብቅል አፈላ፣ ጌሾ ጨመረ፣ በእርሾ አብላላ፣ አጣራ። ባዶ የቢራ ጠርሙሶች ሰብስቦ አጠበና ሞላቸው። በየጠርሙሱ ከጨና ወረዳ የመጣ ትንሽ ማር ጠብ አድርጎ በቆርኪ አሸገ። ማሩ ለእርሾው ምግብ ነው። እርሾው ማሩን ሲበላ ጋዝ ይሠራል፣ ቢራው አረፋ ይይዛል።

ችግሩ ሙቀቱ ነው።

እርሾው ሃያ ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ከቀዘቀዘበት ይተኛል። ከመጠን በላይ ከሞቀው ጠርሙሱን ያፈነዳል። ሁለት ሳምንት ሞቅ ያለ ቦታ ከቆየ በኋላ ነው ወደ ቀዝቃዛ የሚዛወረው።

የሐምሌ ቦንጋን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፣ ማታም አልጨረሰም። ግዛቸው ሳጥኖቹን የደረደረበት ዕቃ ቤት ውስጥ ቴርሞሜትሩ አሥራ አምስት ላይ ተገትሮ ቀረ።

ከሰል ላቀጣጥል አለ።

«አራስ ባለችበት ግቢ ጭስ? አብደሃል?» አለችው ፀዳለ።

ሳጥኖቹን ጋቢውን አለበሳቸው። አልሞቀም። ጆንያ ደረበ። አልሞቀም።

በመጨረሻ ወደ መኝታ ቤት ገባና የዮሀናን ብርድ ልብስ አወጣ። ከሆስፒታል ተጠቅልላ የመጣችበትን ነጩን።

«መልስ!» ብላ ጮኸችበት። «የልጄን ልብስ ነው ለመጠጥ የምታለብሰው?»

«ሌላ አላት አይደል?»

«ግዛቸው፣ መልስ ብዬሃለሁ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሳጥኖቹን ጠቀለላቸው።

በማግስቱ ቴርሞሜትሩ ሃያ ገባ። ግዛቸው እየሳቀ ነገረኝ። የሥራ ባልደረባውን፣ ሹፌሩን አብዮትን ጠርቶ አንድ ጠርሙስ ሰጠው። አብዮት ለመስክ ሥራ ወደ ደካ ከተማ ሊሄድ ነበር።

«አሁን አትክፈታት» አለው። «ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጣትና ቢራዋ ስትደርስ ትቀምሳታለህ።»

የዚያን ዕለት ፀዳለ ልጅቷን ስታጥብ የእግሯ ጣቶች ቀዘቀዙባት።

ካልሲ አደረገችላት። ካልሲውም ቀዘቀዘ።

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሷ ልጅቷን አገላብጣ አየችና «ደህና ናት፤ ደረትሽ ላይ አስተኚያት» አለቻት። ፀዳለ ደረቷ ላይ አስተኛቻት። ሲመሽ የሚንቀጠቀጠው የእናትየው ጥርስ ነበር...

ልጅቷ አትንቀጠቀጥም። አታለቅስም። ዝም ብላ ታያለች።

ዕቃ ቤቱ ግን እየሞቀ ሄደ። ሃያ አምስት። ሠላሳ። አንድም ጠርሙስ አልፈነዳም። ብርድ ልብሱ ረጠብ ብሎ ወተት ወተት መሽተት ጀመረ።

ግዛቸው አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጋዙን ላዳምጥ አለ። የሚፍለቀለቅ ነገር ጠብቆ ነበር።

የሰማው የሚጠባ ሕፃን ነው።

ትንሽ ይጠባል... ይተነፍሳል... ደግሞ ይጠባል።

ያኔ ለማንም አልተናገረም። ለምን ብርድ ልብሱን ወዲያው እንዳላነሳው በኋላ ስጠይቀው «ቢራው ሊደርስ ነበር እኮ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

ያቺ ዘጠኝ ሰዓት ስትደርስ አከራያቸው እትዬ ወሰንየለሽ ዝናቡን በፌስታል ተከልለው የእነ ግዛቸውን በር ደበደቡ። ተቆጥተው ነበር።

«ምን ሆናችሁ ነው ልጅቷን ዕቃ ቤት የቆለፋችሁባት? እያለቀሰች ነው!»

ፀዳለ ወደ በሩ መጣች። ጋቢዋን ገለጥ አደረገች። ዮሀና እቅፏ ውስጥ ናት፤ ዓይኗን ገልጣ፣ ጸጥ ብላ።

ሦስቱም ጆሯቸውን ወደ ዕቃ ቤቱ አቀኑ። ከግቢው ማዶ ሕፃን ያለቅሳል።

ግዛቸው ሮጦ ዕቃ ቤቱን ከፈተ። ልቅሶው ቆመ። ማንም የለም። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሰባት ይላል።

ይዞት ተመለሰና ልጁ ብብት ሥር አስገባው።  ቁጥሩ ወረደ... ወረደ... አሥራ አምስት ላይ ቆመ።

«ስንት አለ?» አለች ፀዳለ በሹክሹክታ።

ግዛቸው ቴርሞሜትሩን በመዳፉ ሸፈነው።

«ግዛቸው... ስንት አለ?»

እትዬ ወሰንየለሽ ዕቃ ቤቱን አይተው የመጡት በዚህ መሐል ነው። ደጃፉ ላይ ቆሙ። አልገቡም።

«ያ ሳጥኖቹ ላይ ያለው የማን ልብስ ነው?»

«የእሷ» አለ ግዛቸው።

«በእኛ ቤት ጋን በኮባ ቅጠል ነው የሚሸፈነው። ሰው የለበሰውን አናለብስም።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እናቴ አታድርጊ አለችኝ፣ አላደረግሁም!» ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሹ። «ውጡልኝ። ካልወጣችሁ እኔ እወጣለሁ።»

እውነትም እሳቸው ወጡ። ዋጫ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ እስከ ዛሬ ግቢውን አልረገጡም።

ግዛቸው ዕቃ ቤት ተመልሶ ብርድ ልብሱን ገፎ ጣለና የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፈተ። ፉጨት የለም። አረፋ የለም። የሞቀ ትንፋሽ ብቻ ፊቱን ዳሰሰው።

«እግሯ!» ብላ ጮኸች ፀዳለ ከቤት። «አውራ ጣቷ ሞቀ!»

ሌላ ከፈተ። ሌላ። ቆርኪው መዳፉን ቆረጠው፤ አላቆመም። ፀዳለ እያለቀሰች ትጮህለታለች። ጉልበቷ... ሆዷ... ደረቷ... ከዚያ ዮሀና ራሷ ጮኸች። ግዛቸው በሕይወቱ የዚያን ልቅሶ ያህል ደስ ያሰኘው ነገር የለም።

የመጨረሻውን ጠርሙስ ከፍቶ ወደ ቤት ሮጠ።

ልጅቷ ትኩስ ናት። ከግራ እጇ በስተቀር። ግራ እጇ የምንጭ ድንጋይ ነው።

«አንድ ይቀራል» አለች ፀዳለ። «የት አደረግከው?»

አብዮት!

ደወለ። ኔትወርክ የለም። ደወለ። በስንት ጊዜው ተነሳ።

«ጋሽ ግዛቸው! ደካ ነኝ፣ መኪና ውስጥ። ዝናቡ አላስወጣኝ አለ።»

«ቢራዋን ክፈታት! አሁኑኑ ክፈታት!»

«ጠጣኋት እኮ።»

«ምን?»

«አሁን ጨረስኳት። በዚህ ብርድ ትኩስ ናት፣ ይገርማል። ግን ጋሼ... ወተት ወተት ትላለች። ምን ከተትክባት?»

ከአብዮት ድምፅ ኋላ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

«አብዮት» አለ ግዛቸው ቀስ ብሎ። «ልጁ የማን ነው?»

«የምን ልጅ? ብቻዬን ነኝ።»

ክርስትናው ደረሰ። ቢራ አልቀረበም። አብዮት ከስቶ መጣ። ሊስማት ጎንበስ ሲል ዮሀና ቀዝቃዛዋን እጇን ሆዱ ላይ ጫነች።

እጇ ሞቀ።

እሱ ሲወጣ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ ግዛቸው አብዮትን ይለምነዋል። ና ምሳ ብላ፣ ና ቡና ጠጣ፣ ና ትንሽ ተቀመጥ። አብዮት መጀመሪያ መጣ። ኋላ ስልክ መዝጋት ጀመረ። አልፈርድበትም። ልጅቷ እንዴት እንደምታየው እኔም አይቻለሁ።

ዕቃ ቤቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው። ብርድ ልብሱ እዚያው ወድቋል፤ ፀዳለ ቤቴ አይገባም አለች። ቁልፉ ከግዛቸው ኪስ አይወጣም።

ባለፈው ሳምንት፣ አሁንም ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ የፀዳለ ጩኸት ከቤቴ አወጣኝ።

«ሞቀ! ግዛቸው፣ እጇ ሞቀ!»

ስደርስ ሁለቱም ልጅቷን አቅፈው ያለቅሳሉ። ዳሰስኳት። ሁለቱም እጆቿ ትኩስ ናቸው። አብዮት አጠገባችን የለም። ጠዋት ለመስክ ሥራ ወደ ቢታ ገነት ከተማ ሄዷል።

ግዛቸው በደስታ ደወለለት። ሊያበስረው። ከእንግዲህ አላስቸግርህም ሊለው።

ስልኩ ጠራ።

ግዛቸው ስልኩን ቀስ ብሎ ከጆሮው አነሳ።

የአብዮት ስልክ ጥሪ የሚሰማው ከግቢው ነው። ከዕቃ ቤቱ።

ተከትዬው ወጣሁ። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ የቆርቆሮውን በር ሲደበድብ ውሏል። ግዛቸው መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈና ዞሮ አየኝ።

እኔም ነካሁት።

በሩ ይሞቃል።

ጥሪው ተቋረጠ። ከውስጥ...

ትንሽ ይጠባል... ይተነፍሳል... ደግሞ ይጠባል።