መከታን ይበርደዋል

«ሁዳ! ኪኒኔን ውጬያለሁ ወይስ አልዋጥኩም?»

የአክስቷ የራሕማ ድምፅ ከቤት ውስጥ ሲመጣ፣ ሁዳ ጓሮ ተንበርክካ ነበር፤ ጣቶቿ ውሻ አፍ ውስጥ ናቸው። ደንግጣ መለስ አደረገቻቸው። አሮጌው መከታ ቂጣዋን ከነኪኒኗ ዋጠና «ሌላስ?» በሚል ዓይን ቀና ብሎ አያት።

«ውጠዋል አክስቴ!» አለች። «አሁን ከሱብሒ ስግደት በኋላ ሲውጡ አይቻለሁ።»

ይሄኛው እውነት ነው። ውሸቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ መከታ አሁን የዋጣትም ኪኒን የአክስቷ ናት።

«ታዲያ ብልቃጡ ለምን ይጎድላል?» አሉ አክስቷ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

ሁዳ ያልሰማች መስላ እጇን ልትታጠብ ተነሣች። የውሻ ምራቅ የነካው እጅ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር፤ ነፍሳቸውን ይማርና አያቷ ጀብሪል ያስተማሯት እንዲህ ነው። የመካነ ሰላም ውሃ ደግሞ በመስከረም ማለዳ አጥንት ይሰረስራል። አራተኛው ላይ ስትደርስ ጣቶቿ የራሷ መሆናቸው ያጠራጥራታል። ይህን ለሰው ብታወራ የሚስቅባት እንጂ የሚያዝንላት አታገኝም።

ማውራት ቢያምራትም የምታወራው ሰው የለም። እናቷ ሪያድ ናት። ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች፤ «ደህና ነሽ?» ትላለች፣ ሁዳም «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ከዚያ ወይ ኔትወርኩ ይቆረጣል ወይ ማዳሟ ትጠራታለች። አንድ ዴስክ ላይ አብራት ትቀመጥ የነበረችው ሀናን ዘንድሮ ትምህርቷን ጥላ ዓረብ አገር ሄዳለች። አክስቷ ቀኑን ሙሉ ገበያ በርበሬና ቅመም ሲሸጡ ይውሉና ደክመው ይገባሉ። አያቷ ባለፈው ዓመት ሞተዋል። ከሳቸው የቀሩት ከቤቱ ተነጥላ በግቢው በር አጠገብ ያለችው ክፍላቸውና መከታ ብቻ ናቸው።

አክስቷ ውሻውን ነክተውት አያውቁም። ውሻ ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም ይላሉ፤ ስለዚህ ከደጃፉ አያልፍም። ቢሆንም «የአባቴ አደራ ነው» እያሉ ፍርፋሪውን ራቅ ብለው ይወረውሩለታል፤ ጦሙን አድሮ አያውቅም።

መከታ መታመም የጀመረው አያቷ በሞቱ በጥቂት ወር ነው። ሳይበላ ይወፍራል። የጭራው ፀጉር ረግፎ የአይጥ ጭራ መሰለ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ይንቀጠቀጣል፣ ሌባ ቢመጣ እንኳ ቀና ብሎ አያይም። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዱ «እርጅና ነው»፣ ሌላው «እከክ ነው» አለ፣ ልጆቹ ደግሞ ድንጋይ አነሱ። ሁዳ አንገቱን በገመድ አስራ እየጎተተች የእንስሳት ክሊኒክ ወሰደችው። በሬና በግ ይዘው የተሰለፉት ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁባት። የክፍል ጓደኛዋ እንቁ እንኳ የአባቱን በግ ይዞ ቆሞ ነበርና፣ «አቦ ሁዳ፣ ሙድ እየያዝሽ ነው? ውሻ ሰልፍ ይይዛል?» አላት።

ወጣቱ የእንስሳት ሐኪም በፍቃዱ ግን አልሳቀም። የመከታን አንገት ዳበሰ፣ ቆዳውን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየ።

«እርጅና ብቻ አይደለም» አላት። «አንገቱ ውስጥ ያለችው ዕጢ ሥራዋን ትታለች። ሰውነትን የሚያሞቀውን ሆርሞን የምትሠራው እሷ ናት። እሷ ስትተኛ ሰውነቱ እሳቱ እንደጠፋ ምድጃ ይሆናል። ፈጽሞ አይድንም፤ በየቀኑ ኪኒን ከወሰደ ግን ደህና ይኖራል። የሰው መድኃኒት ነው፣ ውሻ ደግሞ ከሰው አብዝቶ ይወስዳል። ትችይዋለሽ?»

የኪኒኑን ስም ወረቀት ላይ ሲጽፍላት ሁዳ ወዲያው አወቀችው። አክስቷ እንቅርታቸውን ደሴ ከተቀደዱ ጀምሮ በየማለዳው የሚውጡት፣ እናቷ ከሪያድ በሰው እጅ የምትልከው ብልቃጥ ላይ ያለው ስም ነው። አክስቷ ውሻው ኪኒን እንደሚወስድ ያውቃሉ፤ የሳቸው ዓይነት መሆኑን ግን ሁዳ አልነገረቻቸውም። ከውሻ ጋር አንድ በሽታ አለብዎት ብሎ ማን ይነግራል?

የመከታን ኪኒን በፍቃዱ ከደሴ በሚኒባስ ሾፌር እያስላከ ይሰጣት ጀመር። ፀጉሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆሞ፣ ያቺን አዲስ ፀጉር ያበቀለች ጭራውን እየቆላ ጠበቃት። ሁዳ እዚያው ቁጢጥ ብላ አለቀሰች። አያቷ ከሞቱ ወዲህ እሷን ብሎ በር ላይ የቆመ ፍጡር አልነበረም።

ከዚያ የክረምቱ ናዳ የደሴን መንገድ ቆረጠው። ሚኒባሱም ቀረ፣ ኪኒኑም ቀረ። ሁዳ ከአክስቷ ብልቃጥ ስትወስድ «ለዛሬ ብቻ ነው፣ መንገዱ ነገ ይከፈታል» ብላ ነበር። በማግስቱም እንደዚያው አለች። ሁለቴ ልትጠይቃቸው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው፤ እምቢ ቢሉ ምን ይውጣታል? ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ታውቀዋለች፣ ግን አንዴ ከተቃጠለ በኋላ በምን እንደሚጠፋ የነገራት የለም።

ብልቃጡ ሲጎድል አክስቷ ሁዳን አልጠረጠሩም። ራሳቸውን ጠረጠሩ። «እየደገምኩ እየዋጥኩ ነው መሰለኝ፤ ረሳሁ ማለት ነው» አሉ። ኪኒን በዋጡ ቁጥር የሻሻቸውን ጫፍ ይቋጥሩ ጀመር። ቋጠሮው አንድም ሳይዛነፍ ይደረደራል፤ ብልቃጡ ግን ይጎድላል። በመጨረሻ ቋጠሮውንም ማመን ተዉና፣ «ትናንት ሳልደግም አልቀረሁም፣ ዛሬ ልዝለለው» እያሉ ይተዉት ጀመር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መከታ በሩ ላይ አልነበረም። የምትሰጠው ከብልቃጡ እየቆጠበች ስለሆነ አልበቃውም። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ተጋድሞ ይንቀጠቀጣል። ከዚያው ግድግዳ ወዲያኛው ጫፍ አክስቷ ገበያ ሳይሄዱ ጋቢ ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። እሳቸውም ይንቀጠቀጣሉ። ሁዳ ደብተሯን እንደያዘች ሁለቱን አየች።

ጎረቤታቸው ፈርሂያ በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። «ራሕማ፣ ሴቶቹ ለሐድራው ዱዓ ተሰብስበዋል እኮ! መንዙማውን ያላንቺ ማን ያወጣዋል?»

«ሌላ ሴት ታውጣ» አሉ አክስቷ። ድምፃቸው ጎርንኗል። «ልቤ ከድቶኛል፣ ፈርሂያ። መሐሉ ላይ ብረሳው ሐፍረቱን አልችለውም።»

ፈርሂያ «በር ላይ እጠብቅሻለሁ፣ አስቢበት» ብላ ወጣች። ሁዳ አክስቷ መንዙማ ሲረሱ ሰምታ አታውቅም። ከአባታቸው ከጀብሪል በልጅነታቸው የተማሩት የምስጋና ዜማ ነው፤ እሳቸው ያወጣሉ፣ የሠፈሩ ሴት ሁሉ ይቀበላል። ያንን አሁን የምትቀማቸው እሷ ናት።

«አክስቴ» አለች። «አልረሱም።»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?»

«አንድ ቀን አልረሱም። እኔ ነኝ የወሰድኩት። የመከታ ስላለቀ ከብልቃጡ እያነሳሁ እሰጠው ነበር።»

አክስቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለውሻ?» አሉ። «እኔ አበድኩ ብዬ ሌሊት ሳለቅስ፣ አንቺ ለውሻ?»

«የርስዎ በሽታ ነው ያለበት» አለች ሁዳ። «ይበርደዋል።»

አክስቷ ወደ ግድግዳው ጫፍ ዞር ብለው መከታን አዩት። ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ጉልበታቸው ሳቡና ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ይፈቱ ጀመር። የመጨረሻው ጠብቆ ኖሮ በጥርሳቸው ፈቱት። ሻሹን አስተካክለው አሰሩ፣ ጋቢውን አጣጥፈው በክንዳቸው ያዙ፣ ወደ ፈርሂያ ወጡ።

ግቢው ጭር አለ። ሁዳ ብትሰደብ፣ ብትመታ ይሻላት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከሠፈሩ ማዶ ድቤ ተመታ፣ ከድቤው በላይ የአክስቷ ድምፅ ወጣ፤ መጀመሪያ ጎርናና፣ በኋላ ጠራ እያለ። አልረሱም። ሁዳ ደስ አላት፣ ደስ ያላትን የምትነግረው ግን አሁንም መከታ ብቻ ነበር።

ቤት ገባችና ኪሷ ውስጥ ለነገ የደበቀቻትን ኪኒን ወደ ብልቃጡ መለሰች። ብልቃጡን ከአክስቷ መስገጃ አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያ ፍራሿንና ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ተሸከመች። መከታ ቤት መግባት አይችልም፤ እሷ ግን ወደ እሱ መውጣት ትችላለች። የአያቷን ክፍል ጠረገች፣ ፍራሿን መሬት ላይ አነጠፈች፣ ለመከታ አሮጌ ጆንያ ከጎኗ ዘረጋችለት። መንገዱ እስኪከፈት እዚህ ነች።

ማለዳ ላይ የቀሰቀሳት የአክስቷ ድምፅ ነው።

«ሁዳ! ኪኒኔን ውጬያለሁ!»

ዛሬ አልጠየቁም። ሁዳ «እሺ» አለች። ለመከታ ባዶ ቂጣ ሰጠችው። ኪኒኗን ፍለጋ ይመስል ጣቶቿን ላሳት፤ ገላው በብርድ ልብሱ ሙቀት ትንሽ ለዘብ ብሏል።

ልትታጠብ በሩን ስትከፍት ደፉ ላይ ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። አጠገቡ በቆርቆሮ ሳህን የተነፋ ንጹሕ አፈር አለ። ከማንቆርቆሪያው አፍ እንፋሎት ይወጣል።

«ሳይቀዘቅዝ ተጠቀሚበት» አሉ አክስቷ ከቤት ውስጥ፣ ብቅ ሳይሉ።

ሁዳ ቁጢጥ ብላ እጇ ላይ ማፍሰስ ጀመረች። እስከ ሰባተኛው ድረስ ሞቅ እንዳለ ነበር።