ከቡናው አልጋ ማዶ

«እማማ በየነች፣ የአልጋውን ጠርዝ ይልቀቁት እስቲ!»

«አልለቅም! ብወድቅስ?» አለቻት ነርሷን።

አልጋ የተባለው መኝታ አይደለም፤ በእንጨት ላይ የተወጠረ፣ ቀይ ቡና የሚሰጣበት ሽቦ ነው። ሚዛን ተፈሪ ዳር ባለው የአረጋውያን ማረፊያ ነርሷ የምሥራች «ስፖርት ሥሩ» ብትል፣ አሮጊት ሽማግሌው ሁሉ «በዚህ ዕድሜ?» እያለ እምቢ አላት። እሷም ብልጥ ናትና ግቢው ውስጥ ቡና አስጥታ «እየዞራችሁ አገላብጡልኝ» አለች። ሥራ ሲባል ማን ይቀመጣል!

በየነች ግን ባለፈው ክረምት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ መሬቱ ራሱ ያስፈራታል። ሐኪሙ ደግሞ «ካልተራመዱ የአልጋ ቁራኛ ይሆናሉ» ብሏታል። ያም ያስፈራታል።

ከአልጋው ማዶ ሁልጊዜ እንደሷ የማረፊያው ነዋሪ የሆነው ወልደአማኑኤል አለ፤ ቴፒ ቡና እርሻ ላይ ካቦ ሆኖ ሠራተኛ ሲያዝ የኖረ ሰው። ስትራመድ ይራመዳል፤ ስትቆም ይቆማል።

«አይዞሽ፣ አንድ እርምጃ ብቻ...»

ያ ድምፅ ልቧን ወሰደው፤ በስልሳ ሰባት ዓመቷ! አንድ ቀን ግን እግሯ ከዳትና እጇን ብትዘረጋለት፣ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ተጸየፈኝ» አለች በልቧ። ሦስት ቀን አላናገረችውም።

በአራተኛው ቀን ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ ዶፍ ወረደ። ቡናውን ለመሸፈን ሁሉም ተሯሯጠ። ወልደአማኑኤል ከመጋዘኑ ሸራ እየጎተተ ሲመጣ ተንሸራተተና ወደቀ። አልተነሳም።

በየነች ጮኸች። ሌሎቹ ሸራ ፍለጋ መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማን ይስማት! እሱ ዘንድ ለመድረስ ስድስት እርምጃ ነው፤ የሚያዝ ነገር የሌለው ባዶ ጭቃ።

«አምላኬ፣ እንዳልወድቅ... እንዳይሞትብኝ!»

ጠርዙን ለቀቀች።

አንድ... ሁለት... በስድስተኛው አጠገቡ ተንበረከከች። ዓይኑን ገለጠ።

«ማን ደግፎሽ መጣሽ?»

«ማንም!» አለቀሰች። «አንተማ ሸሸኸኝ።»

«ፈርቼ ነው፣ በየነች። ሟች ባለቤቴን ወንዝ ሳሻግራት ከዚህ እጄ ነው ያመለጠችኝ። ያን ቀን እጅሽን ስትዘረጊልኝ... አንቺንም የምጥልሽ መሰለኝ።»

ለእሷ የመሰላት ንቀት፣ ለካ የእሷው ዓይነት ፍርሃት ኖሯል።

«እኔም እፈራለሁ» አለችው። «ግን አብረን እንፍራ... ታገባኛለህ?»

በዚያው እጁ እጇን ያዘ። አልለቀቀም።

ያ ቡና በስብሶ ተጣለ፤ የምሥራች ግን አልተቆጣችም። በጥር ወር እዚያው ግቢ ስትድራቸው «ለሙሽሮቹ ወንበር አምጡ» ብትል ሁለቱም እምቢ አሉ። ቃል ኪዳናቸውን ቆመው ገቡ፣ እየፈሩ።